በነጠላ ጫፍ የታሰረው ዶክተር

ኑ እስቲ፣ ጠጋ ጠጋ ብላችሁ ተቀመጡ። ያ ከኋላ የቆመውም ይቀመጥ፤ ይህ በቁም የሚሰማ ነገር አይደለም። መሃሉ ላይ የሚያናድድ ቦታ አለው። ያን ጊዜ ተነሥታችሁ እንዳትሄዱብኝ ነው ከወዲሁ የማስቀምጣችሁ።

በሁለት ሺህ አንድ መቶ አራት ዓመተ ምሕረት፣ እንዶድ በር በምትባል ከተማ፣ እንጉዳይ ተሰማ የምትባል ሴት ነበረች። ዕድሜዋ ስድሳ አንድ ነው። ባሏን ከቀበረች ዘጠኝ ዓመት ሆኗታል። ልጆቿ ውኃ ወዳለበት አገር ሄደዋል። ሥራዋ አሳዳጊነት ነው፤ የምታሳድገው ደግሞ ውሻ ነው።

ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ሲሆን ግድግዳው ላይ ያለው ሰሌዳ ይበራና «እንደምን አደሩ፤ የማሻሸት ሰዓት ደርሷል» ይላል። እንጉዳይ ፊቷን በእርጥብ ጨርቅ ታብሳለች፤ ውሻውን ጭኗ ላይ ታስተኛና ከጆሮው ሥር እስከ ጅራቱ ሃያ ደቂቃ ታሻሸዋለች። «ጎበዝ» የሚለውን ቃል ሦስት ጊዜ መናገር ግዴታ ነው፤ ከሦስት ቢበልጥ አይከለከልም። በውሻው አንገት ላይ ቀለበት አለ። ውሻው ሲረጋጋ አረንጓዴ ያበራል፣ ሲጠረጥር ቢጫ፣ ሲፈራ ቀይ። ሃያው ደቂቃ ሲያልቅ ሰሌዳው ውጤቷን ይነግራታል።

«የዛሬው ፍቅርዎ ዘጠና አንድ ከመቶ ነው። እናመሰግናለን።»

ከዚያ ቧንቧው ይከፈታል። እንዶድ በር ውስጥ ውኃ በቧንቧ የሚወርድለት የአሳዳጊ ቤት ብቻ ነበር። ሌላው ሰው በሳምንት ሁለት ቀን ጀሪካን ይዞ ይሰለፋል። ስለዚህ ከተማው በሙሉ ማለት ይቻላል ያሻሻል። ጠዋት በመንገዱ ያለፈ ሰው ከየቤቱ «ጎበዝ፣ ጎበዝ» የሚል ድምፅ ይሰማ ነበር፤ ልክ እንደ ጸሎት።

ውሾቹ የከተማው የምርምር ፓርክ ንብረት ናቸው። ሰው «ግቢው» ይለዋል። በግቢው በር ላይ በትልቅ ፊደል እንዲህ ተጽፏል፦ «የተወደደ ውሻ አይደነግጥም፤ ያልደነገጠ ደም አይዋሽም።» መድኃኒት የሚሞከርበት ውሻ ሰው ፈርቶ ከሆነ ደሙ ይረበሻል፣ ሥራው ይበላሻል። ስለዚህ ውሻው ዓመት ከመንፈቅ በሰው ቤት በፍቅር ያድጋል። ጊዜው ሲደርስ ሐሙስ ቀን ሽኝት ይሆናል። አሳዳጊው ራሱ ውሻውን ይዞ ይገባል። አሳዳጊው ራሱ ጭንቅላቱን ደረቱ ላይ ያስደግፋል። የመጀመሪያው መርፌ የሚወጋው በአሳዳጊው እቅፍ ውስጥ ነው። ከዚያ ዓርብ አዲስ ቡችላ በቅርጫት ይመጣል።

እንጉዳይ ስድስት ሸኝታለች።

ለውሻ ስም ማውጣት ክልክል ነው፤ ያለው ቁጥር ብቻ ነው። ይሁን እንጂ የአገራችን ሰው ከጥንት ጀምሮ ለጎረቤቱ በአፉ ሊናገረው ያልደፈረውን በውሻው ስም ሲናገር የኖረ ነው። እሷም ሰባተኛውን፣ ሰሌዳው እንዳይሰማት ጆሮው ውስጥ ገብታ፣ «ይታያል» አለችው። ቀይ ዳማ፣ አንድ እግሩ ነጭ፣ ጥላውን የሚያሳድድ ሞኝ ውሻ ነበር። ስሙን በሹክሹክታ ሲሰማ ቀለበቱ ከአረንጓዴም አልፎ ሌላ ዓይነት አረንጓዴ ይሆን ነበር። ሰሌዳው ዘጠና ስምንት ሰጣት። በዚያ ቀን እንጉዳይ ሲመሰገኑ ማፈር ምን እንደሆነ ገባት።

ከጎረቤቷ ጋር በአጥር ይነጋገራሉ። ጎረቤቷ መምህር ጽጌ ይባላሉ፤ ሰማንያ የደፈኑ፣ ጡረታ የወጡ የታሪክ አስተማሪ ናቸው። ውሻ አያሳድጉም፤ ስለዚህ ውኃ የላቸውም። እሷ በየማለዳው አንድ ባልዲ በአጥሩ ላይ ታቀብላቸዋለች። ለምን እንደማያሳድጉ ሲጠየቁ የማሻሸት ፈተና ወድቄ ነው ይላሉ፤ እጄን ያየች ድመት እንኳ ያለ ቀለበት ቀይ ታበራለች።

የይታያል ሽኝት ሁለት ሳምንት ሲቀረው እንጉዳይ ባልዲውን አቀበለቻቸውና ሳትሄድ ቀረች። ይህ ነገር ከየት እንደመጣ ጠየቀቻቸው። መምህሩም ሠላሳ ስምንት ዓመት ክፍል ውስጥ የኖሩ ሰው ናቸውና ጠያቂ ሲያገኙ አይምሩም፤ ከሥሩ ጀመሩላት።

ከሁለት መቶ ዓመት በፊት፣ አሉ፣ በባሕር ማዶ ውሻን በሕይወት ሳለ ተማሪ ፊት አካሉን የሚሰነጥቁ ሐኪሞች ነበሩ። ሁለት ሴቶች ትምህርት ቤቱ ገብተው አዩ፤ ያዩትን ጻፉ። የጻፉት ነገር ፍርድ ቤት ደረሰ፤ ፍርዱም ለሐኪሙ ሆነ። ሰዎቹ ግን አላረፉም፤ ሴቶቹ ላዩት ቡናማ ውሻ በአደባባይ ሐውልት አቆሙለት። የሕክምና ተማሪዎች ሊሰብሩት መጡ፣ የሰፈሩ ሠራተኛ ተከላከለ፣ በአንድ ውሻ ድንጋይ የተነሣ ከተማ ታመሰ። በመጨረሻ ሹሞቹ ገና ጎሕ ሳይቀድ በፖሊስ አሳጅበው ሐውልቱን አነሡት። ፖሊስ ለምን እንዳስፈለገ እንጉዳይ ጠየቀች። ከመዶሻው ይልቅ የሚያስፈራቸው የሚያነበው ሰው ስለነበረ ነው፣ አሉ መምህሩ፤ ሐውልቱ ላይ የተጻፈው ጥያቄ ነበርና፣ ይህ እስከ መቼ ነው የሚል።

ከዚያ ሰው ተቀባበለው። አንዱ ትውልድ ፊርማ አሰባሰበ፣ አንዱ በር ሰበረ፣ አንዱ ወህኒ ወረደ፣ አንዱ ሕግ አረቀቀ። የልጅ ልጆቻቸው ፈጽመው አሸነፉ። በእነዚያ አገሮች ዛሬ አይጥ እንኳ በምርምር ስም አትነካም። በዓል አለው፤ ሕፃናት አበባ ይዘው ይወጣሉ።

«ታዲያ እዚያ ከተከለከለ እዚህ ምን ይሠራል?» አለች እንጉዳይ።

«ሕጉ ዋና አይችልም» አሉ መምህር ጽጌ። «ባሕሩ ዳር ሲደርስ ቆመ። ሥራው ግን በአውሮፕላን መጣ። የእኛዎቹም ሹማምንት ኢንቨስትመንት ነው ብለው ሪባን ቆረጡለት።»

እንጉዳይ አጥሩን ያዘች። ስታስበው እዚያ አበባ የያዙት ሕፃናት ሲታመሙ የሚውጡት ኪኒን በእሷ ጭን ላይ ያለፈ ነው። እነሱ እጃቸው ንጹሕ ነው፤ የእሷ እጅ ግን ዘጠና ስምንት ከመቶ ነው። ማንም አልከሰሰም ወይ ብላ ጠየቀች።

ማንን ብሎ ማን ይከሳል፣ አሉ መምህሩ፤ ውሻ ጠበቃ አያቆም። ከዚያ እንደ ጨዋታ፣ ድሮ ይቀል ነበር አሏት። የተበደለ ሰው ደብዳቤም ጠበቃም አያስፈልገው፤ የበደለውን ሰው ባገኘበት ቦታ በሕግ አምላክ ብሎ ያቆመዋል፤ የልብሱን ጫፍ ከልብሱ ጫፍ ጋር ይቋጥራል፤ ቁራኛ ሆነው አብረው ዳኛ ዘንድ ይሄዳሉ። ጉልበተኛም ቢሆን አይፈታም። በመንገድ ላይ ቋጠሮውን የፈታ ተረታ። መንግሥት ከሠላሳ ዓመት በፊት የችሎት ወረፋ ለመቀነስ ብሎ የባህል ዳኝነት አዋጅ አውጥቶ ይህን ሁሉ መልሶ ሕግ አድርጎታል፤ ቁራኛ ሆኖ የመጣ ሰው ቀጠሮ ሳይጠይቅ ይሰማል። ይሁን እንጂ ቁራኛ የሚባል ነገር መኖሩን የሚያስታውስ ሰው አልተገኘምና ማንም ተጠቅሞበት አያውቅም።

መምህሩ ይህን ተናግረው ሲስቁ እሷ አልሳቀችም።

ሐሙስ ደረሰ። እንጉዳይ ነጭ ቀሚሷን ለበሰች፣ ሸማኔ ጥሩ አድርጎ የሠራላትን ወፍራም ነጠላ ደረበች፣ ይታያልን በገመድ ይዛ ሄደች። ግቢው ውስጥ አርባ አሳዳጊ አርባ ውሻ ይዞ ተሰልፏል። ክራር በለሆሳስ ይሰማል። በግቢው ውስጥ በሽኝት ቀን ድምፅ ከፍ ማድረግ፣ መሮጥ፣ መጎተት፣ መግፋትና ማልቀስ ክልክል ነው፤ የአንዱ ውሻ ደም ከተረበሸ የአርባው ይረበሻል፣ የዓመት ከመንፈቅ ሥራ ገደል ይገባል። ጥበቃዎቹ እንኳ ለስላሳ ጫማ ነው ያደረጉት።

ተራዋ ደረሰና ገባች። ክፍሉ ውስጥ ያለው ሐኪም ዶክተር ኢዮስያስ ይባላል። ሠላሳ አምስት ዓመት ቢሆነው ነው፤ የቡልጋ ልጅ፣ ቀጭን፣ ድምፁ እንደ ማር የለሰለሰ። ስድስተኛውን ውሻዋንም የወጋው እሱ ነበር። እንኳን ደኅና መጡ እማማ አላት፤ በዚህ ውሻ ላይ ያሳዩት ውጤት ለሌሎች ምሳሌ ይሆናል አላት። ተቀምጣ ጭንቅላቱን እንድትይዝለት ወንበር ሳበላት።

እንጉዳይ አልተቀመጠችም። የውሻውን ገመድ በግራ እጇ ጠቀለለች፤ በቀኟ የነጠላዋን ጫፍ ሳበች፤ የዶክተሩን ነጭ ጋወን ጫፍ አነሣችና ሁለቱን አንድ ላይ ቋጠረች። ደገመችው። አጠበቀችው።

«በሕግ አምላክ ይዤሃለሁ» አለች፣ ድምፅዋን ሳታነሣ። «ዳኛ ፊት እንቁም።»

ዶክተሩ መጀመሪያ የሆነ ነገር የተያያዘባት መስሎት ሊረዳት ጎንበስ አለ። ከዚያ ገባው። ፈገግ አለ፤ ፈገግታው ብዙ አልቆየም። ደክሞዎት ይሆናል፣ ውኃ ላምጣልዎት አላት። ውኃማ ለዚህ ዳርጎኛል አለችው።

ይታያል ከአንዱ ወደ ሌላው አየ፤ ቀለበቱ ቢጫ ሆነ። በመስተዋቱ በኩል ወረፋ የያዙት ውሾች ጆሯቸውን አቆሙ፤ ሦስት አራት ቀለበት ቢጫ በራ። ጥበቃዎቹ በለስላሳ ጫማቸው መጡና ቆሙ። ምን ያድርጉ? ቢጎትቷት ግቢው በሙሉ ቀይ ይሆናል። ቢጮኹባትም እንደዚያው። ፍቅርን ደንብ አድርገው የጻፉ ሰዎች ደንባቸው አሰራቸው።

በዶክተሩ ጆሮ ውስጥ ባለው ማዳመጫ የግቢው ኃላፊ ድምፅ ፍታውና ጨርስ አለው። ኢዮስያስ እጁን ወደ ቋጠሮው ሰደደ። ጣቱ ቋጠሮው ላይ ደረሰና ቆመ። አያቱ ቡልጋ ውስጥ በሽምግልና የታወቁ ሰው ነበሩ፤ እሱ ሲያድግ የፈታ ተረታ የሚለውን ከእሳቸው አፍ ነው የሰማው። ሃያ ዓመት ተምሯል። ደምን በጠብታ የሚያነብ ሰው ነው። ጣቱ ግን እምቢ አለው።

«እማማ፣ እኔ ሥራዬን ነው የምሠራው» አለ፣ ቀስ ብሎ።

«እኔም ስድስት ጊዜ እንደሱ አልኩ» አለችው። «ና ውጣ።»

ወጡ። ከግቢው እስከ ችሎቱ አራት ኪሎ ሜትር ነው። መኪና ሊጠራ ነበር፤ ቁራኛ በመኪና ሲሄድ ሰምተህ ታውቃለህ ብላ ከለከለችው። ፀሐዩ አናት ይበሳል። ፊት ለፊት ውሻው፣ ኋላ ሁለቱ ሆነው፣ በነጠላና በጋወን ተያይዘው በዋናው መንገድ ሄዱ። ሰው ከየደጁ ወጣ። የሚያውቋት ሴቶች ምን ነካት ተባባሉ። አንዱ ጎረምሳ ሠርጉ መቼ ነው ብሎ ቀለደ፤ ያጠገቡ ሽማግሌ ነገሩን ሲነግሩት ግን አፉን ዘጋ። ጥቂት ቆይቶ ከኋላቸው ሰው መከተል ጀመረ። አብዛኛው አሳዳጊ ነው፤ ውሻ የሸኘ እጅ ሁሉ።

መንገድ ላይ ዶክተሩ ቀዩን ፊቱን ይበልጥ አቀላና መሽናት እንዳለበት ነገራት። እሷም ነጠላው ረጅም ነው፤ እኔ ዞሬያለሁ አለችው። ከዛፍ ጀርባ ሆኖ፣ እማማ ይህን ለእናቴ እንዳይነግሩብኝ አላት። ለመጀመሪያ ጊዜ ሁለቱም ሳቁ። ወዲያው እንጉዳይ በመሳቋ ተናደደች። ልጁ መጥፎ ልጅ አልነበረም። ነገሩን የሚያከፋው ይኸው ነው፤ እዚያ ግቢ ውስጥ ማንም መጥፎ ሰው አልነበረም።

ችሎቱ ውስጥ ያለው ዳኛ ሰሌዳ ነው። ከሥሩ አንዲት ጸሐፊ ትቀመጣለች፤ ሰው የሆነችው እሷ ብቻ ናት። ሰሌዳው ሁለቱን አየ፣ ቋጠሮውን አየ፣ አዋጁን ፈለገና አገኘ። ጉዳዩ ይሰማል አለ። ከሳሽ ማን ነው ብሎ ጠየቀ። ውሻ ከሳሽ ሊሆን እንደማይችል አስቀድሞ አሳወቀ።

«ከሳሿ እኔ ነኝ» አለች እንጉዳይ።

«የደረሰብዎት ጉዳት?»

ሁለት እጇን ዘረጋች።

«እጄ ነው። ይህ እጅ ልጅ ያሳደገ፣ ባል የገነዘ እጅ ነው። እነዚህ ሰዎች እጄን ማደንዘዣ አደረጉት። አውሬ ቢሆን ውሻው ያመልጠው ነበር፤ ጠላት ቢሆን ይነክሰው ነበር። እኔ ስለሆንኩ ስድስቱም እየላሱኝ ሄዱ። ቢላውን ያነሣው ሌላ ነው፤ አንገቱን ያለሰለስኩት ግን እኔ ነኝ። ፍቅሬን መጥለፊያ አድርገውብኛል። ይህን ነው የምከሰው። ገባህ?»

ሰሌዳው ወደ ተከሳሹ ዞረ። የከሳሽ ውሾች ከበሩ ወዲያ ምን እንደሚሆኑ ለፍርድ ስለሚያስፈልግ በመሐላ እንዲያስረዳ አዘዘው። ኢዮስያስ ማለ።

በመጀመሪያው ሳምንት ጸጥ ይላሉ፣ አለ። ማንኛውም እጅ የእማማ እጅ ይመስላቸዋል። መርፌ የያዘውንም ይልሳሉ። በሁለተኛው ሳምንት ምግብ ሲሰጣቸው ከመብላታቸው በፊት በሩን ያያሉ። በሦስተኛው ሳምንት ምግቡን ይተዉና በሩን ብቻ ያያሉ።

«ቀለበታቸውስ?» አለ ሰሌዳው።

«አረንጓዴ ነው» አለ ኢዮስያስ። «እስከ መጨረሻው አረንጓዴ ነው። ትመጣለች ብለው ስለሚያምኑ አይፈሩም።»

ከኋላ አንዲት ሴት መሬት ላይ ቁጭ አለች። ሌላው ሰው እጁን ኪሱ ውስጥ ከተተ። እንጉዳይ አላለቀሰችም። ዞራ ዶክተሩን አየችው፤ እሱ ቀና ብሎ ሊያያት አልቻለም።

ሰሌዳው ሕጉን አገላበጠ፤ ፍቅርን መጥለፊያ ስለማድረግ የተጻፈ አንቀጽ አጣ፤ ክሱ እንዳይሰማ የሚከለክልም አጣ። በመጨረሻ የአገራችን ፍርድ ቤት ከጥንት የሚያውቀውን ብይን ሰጠ። ጉዳዩ እስኪመረመር ተቀጥሯል፤ እስከዚያ ክርክር የተነሣበት ውሻ ባለበት፣ በከሳሽ እጅ ይቆይ። ቋጠሮውንም ጸሐፊዋ ትፍታ፤ በችሎቱ ትእዛዝ ስለሆነ ማንም አልተረታም።

ጸሐፊዋ ለመፍታት ብዙ ደከመች። ሲፈታ ከመዝገቡ በስተጀርባ ሆና ዓይኗን ስትጠርግ ታየች፤ እሷም ቤቷ ውስጥ ባለ ቁጥር ውሻ ነበራት።

ከዚህ በኋላ ሁሉ መልካም ሆነ ብዬ አልዋሻችሁም። በማግስቱ የእንጉዳይ ቧንቧ ደረቀ። ዶክተሩ ከሥራ ተባረረ። እንጉዳይ ጀሪካን ይዛ ከመምህር ጽጌ ኋላ ተሰለፈች፤ እሳቸውም ወደ ተራ ሰው እንኳን በደኅና መጣሽ አሏት። በቀጣዩ ሐሙስ ግን አሥራ አንድ አሳዳጊ አሥራ አንድ ጋወን ቋጥሮ ወጣ። ግቢው ነጠላ ለብሶ መግባትን ከለከለ። ሰው በመቀነት መጣ። መቀነት ተከለከለ። በሻሽ መጣ፣ በጫማ ክር መጣ፤ አንድ ሽማግሌ በውሻው ገመድ ራሳቸውን ከኃላፊው ቀበቶ ጋር አሰሩ። በዓመቱ ግቢው ከእንዶድ በር ለቀቀ። የት ሄደ ብትሉኝ፣ ሌላ ውኃ ያጣ ከተማ ሄደ። ዛሬም አለ። በሩ ላይ ያው ጽሑፍ አለ። ማዶ ያሉትም በዓላቸውን ያከብራሉ።

ፍርዱስ? አልተሰጠም። ይመርመር ተብሎ ተቀጠረ፤ ተጨማሪ ማስረጃ ይቅረብ ተብሎ ተቀጠረ፤ ሰሌዳው ታድሷል ተብሎ ተቀጠረ። እንጉዳይ አንድም አልቀረችም። ቀጠሮ ሰው ሲገድል ነው የማውቀው፤ ሲያድን ያየሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው። ይታያል በቀጠሮ ኖረ። ጥላውን እያሳደደ አረጀ፣ ጢሙ ሸበተ፤ በአሥራ አራት ዓመቱ ፀሐይ ላይ እንደተኛ አልነቃም። ሰሌዳው የተከራከሩበት ነገር ጠፍቷልና መዝገቡ ይዘጋ ሲል እንጉዳይ እጇን ዘርግታ፣ ክርክሩ የዚህ ነው፣ ይኸው አለ አለችው። መዝገቡ አልተዘጋም።

እሷም ካለፈች ሰባት ዓመት ሆነ። ከዚያ ወዲህ በየቀጠሮው ያሳደገ ሰው፣ ወይም ያሳደገ ሰው ልጅ፣ ፊት ቀርቦ እጁን ይዘረጋል። ዶክተር ኢዮስያስ ሽበት አውጥቶ አሁንም በተከሳሽ ወንበር ይቀመጣል፤ ቢቀር ማንም አያስገድደው፤ ግን ቀርቶ አያውቅም። ከሳሽ አንድ ቀን ከጠፋ መዝገቡ ለዘለዓለም ይዘጋል፤ ሕጉ እንደዚያ ነው።

እንግዲህ ልጆቼ፣ ስላዳመጣችሁኝ ዕድሜ ይስጣችሁ። የምለምናችሁ ትንሽ ነገር ናት። የሚቀጥለው ቀጠሮ ኅዳር አሥራ አራት ቀን፣ ከጠዋቱ በሦስት ሰዓት ነው፤ እንዶድ በር፣ ሁለተኛ ችሎት። እኔ ጉልበቴ እያነሰ ነው። እባካችሁ፣ ቀኑን አስታውሱልኝ።